ያልመጣው ሞተር

ውድ ወንድሜ ፈንታው፤

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ደምሌ ነው። ለሰሊጥ አረም ቆላ ወርዶ ሳለ ገንዳ ውኃ ገበያ ላይ ስምህን ሲጠራህ «ተሳስተሃል፣ አላውቅህም» ብለህ ፊትህን ያዞርህበት ራሱ ደምሌ። ድንበርተኛህን፣ የሠርግህን ሚዜ! ለመስቀል መጥቶ ሲነግረን ሚስትህ አዛለች አላመነችውም። እኔ ግን አመንሁት። ሰው ሲያፍር ምን ምን እንደሚያደርግ ከራሴ አይቻለሁና። አሁን ለሰሊጥ አጨዳ ሲመለስ ወረቀቱን አስያዝሁት። «እንቢ ቢልህም ኪሱ ውስጥ ክተተው» ብዬዋለሁ። ስልክህን ከዘጋህ ስምንት ወር አለፈህ፤ ሌላ መንገድ አልተውህልኝም።

በጤና እንዳለህ ደምሌ ስለ ነገረኝ ጤናህን አልጠይቅህም። እኛም ደህና ነን። የምጽፍልህ ለሰላምታ አይደለም።

ከሁሉ በፊት አንተ ተሸክመኸው የሄድኸውን የእኔን ጥፋት ልናገር። ለአንተ ስነግርህ የመጀመሪያዬ ነው፤ አንተም አንድ ቀን እንኳ አንሥተህብኝ አታውቅም። ዝምታህ ነው እስካሁን የሚያቃጥለኝ።

ጥር ላይ፣ የሱሪህን ጉልበት ላስጠግን ብለህ አርብ ገበያ የመጣህ ዕለት፣ እንደ ልማዴ ፈትያ ሱቅ በረንዳ ላይ ስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ ነበር። ሱሪህን እየሰፋሁ ስለ ነጭ ሽንኩርትህ ታወራልኛለህ፤ ወንዙ ከታች፣ ማሳው ከላይ፣ በጀሪካን ተሸክመህ የምታጠጣው መደብ። ትዝ አለኝና መኪናዋን አቁሜ ስልኬን አወጣሁ። ከአንድ ቀን በፊት ያየሁትን ሥዕል አሳየሁህ። ቀይ የውኃ ሞተር፤ ቱቦው ተዘርግቶ ውኃው እየተንዠቀዠቀ ማሳ ሲያረሰርስ። ዋጋው ደብረ ታቦር ላይ ከሚጠሩት ግማሽ አይሞላም።

«ዕቃውን ሳላየው?» አልኸኝ።

«ይኸው ፎቶው!»

«ፎቶው ውኃ አይስብልኝም። ሄጄ ሲሠራ ልየውና እገዛለሁ።»

ያን ጊዜ ስቄ ያልሁህን ታስታውሳለህ? «አንተ ደግሞ! አገሩ ሁሉ በስልክ ሲገዛ አንተ እንደ በሬ ጥርሱን ገልጠህ ልታይ ነው?» አልሁህ። ፈትያ ከሱቋ ውስጥ ሰምታ ሳቀች። በረንዳው ላይ የነበሩትም ሳቁ። አንተ አቀረቀርህ። ትክክለኛውን ነገር የተናገርኸው አንተ ነበርህ፤ እኔ ግን አሳፍሬ አስተውሁህ።

ቁጥሩንም የደወልሁት እኔ ነኝ። «ሰሎሞን እባላለሁ፣ ከሽያጭ ክፍል» አለ። ሲናገር ከእያንዳንዱ ነገር በፊት ትንሽ ይስቃል። ከየት እንደምንደውል ስነግረው «የአገሬ ሰዎች! እናቴ እኮ እስቴ ናት» አለ። ለሌላ ሰው እንዲህ ባለ ዋጋ እንደማይሰጥ፣ ቅናሹ ሊያልቅ ሁለት ቀን ብቻ እንደቀረው ነገረን። ልቤ እንዴት እንደ ሞቀ! የማላውቀው ሰው «የኔ እናት» ስላለኝ ዘመዴ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ ታውቀዋለህ፤ ግን እኔ እንዴት እንዳየሁት ስማኝ። ዳለቻውን በሬ ሸጥህ። ጎረቤትህ አያ ገብሬ ጊደሩን፣ ደምሌ ሁለት በጎቹን አመጡ፤ ሞተሩ የሦስታችሁ እንዲሆን። ገንዘቡን ልትልክ ስትል ቆም ብለህ እንደገና ጠየቅኸው፤ «ድርጅቱ ሌላ፣ የሒሳቡ ስም ሌላ፣ ምነው?» ብለህ። «የገንዘብ ያዣችን ስም ነው አባቴ፣ አይጠራጠሩ» አለህ። እኔም ጎንህ ቆሜ «ላክለት፣ ቅናሹ እንዳያመልጠን» አልሁ። ሁለት ጊዜ ቆመህ ሁለት ጊዜ የገፋሁህ እኔ ነኝ።

በማግስቱ ለቀረጥ ጨምሩ አለ፤ ጨመራችሁ። ለመድን አለ፤ አሁንም ጨመራችሁ። ሞተሩ ነፋስ መውጫ ይወርድላችኋል ተባለና ሄድህ። ሦስት ቀን መናኸሪያው ላይ ቆመህ፣ ያለፈውን የጭነት መኪና ሁሉ እየተከተልህ «የአርብ ገበያ ዕቃ አለ?» ስትል መሰንበትህን በኋላ ከሹፌሮች ሰማሁ። የሰውየው ስልክ መናኸሪያው ከደረስህበት ቀን ጀምሮ ዝግ ነበር።

ስትመለስ አያ ገብሬ አልጮኸብህም። ደጅህ ላይ ቆሞ «እና ምን ልንሆን ነው?» ብቻ አለህ። ቢጮህብህ ይሻልህ ነበር። በሳምንቱ ለአዛለች «ፊቴን የማሳይበት የለኝም» ብለህ ጋቢህን ይዘህ ወጣህ።

አንተ ከሄድህ በኋላ የሆነውን ግን አታውቅም። ወሬ መሬት አይወድቅም፤ አንዱ «ተታለለ» ያለውን ሌላው «ተካፍሎ ነው» አለው። ፋሲካ ሲቃረብ አንዲት ሴት ቀሚስ ልትለካ መጥታ፣ እጆቿን ዘርግታ ቆማ፣ እኔ ደረቷን እየለካሁ፣ «ፈንታው እኮ ከሌቦቹ ጋር ሆኖ ነው ጎረቤቶቹን የበላ፤ ባይሆንማ ለምን ጠፋ?» አለችኝ። እኅትህ መሆኔን አታውቅም ነበር። እኔ ምን አደረግሁ? ሜትሩን ጠቅልዬ ተቀመጥሁና ፔዳሌን መርገጥ ጀመርሁ። ቀሚሱን ሰፋሁላት ፈንታው። አሳምሬ ሰፋሁላት።

ግንቦት ላይ አዛለች መጣች። ምንጭ ወርዳ ጀሪካኗን ከተራዋ አንሥተው ወደ ኋላ አድርገውባታል። ያን ነግራኝ አላለቀሰችም። በረንዳው ላይ ቆማ፣ «የሰዉስ የሰው ነው። አንቺ ግን ምነው መስከረም? አንቺስ ለምንድን ነው ቀና ብለሽ የማታይኝ?» አለችኝ።

ያኔ ወሰንሁ። በበደለን ሰው ፈንታ እኛ ተደብቀን መኖራችን፣ እርሱ በአደባባይ ሲሄድ አንተ በሰው አገር ስምህን መካድህ፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ ስለ አንተ የሚወራውን ስሰማ መዋሌ፣ ይህ ሁሉ ለማን ነው የሚጠቅመው? ለእርሱ ብቻ።

በተከታዩ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰንበቴው ተበልቶ ሰው ሳይበተን ተነሣሁ። ሴት ልጅ እንዲያ ስትነሣ አልተለመደም። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ «ምነው ልጄ?» አሉ።

«ፈንታው ወንድሜ ነው» አልሁ። «ሞተሩን ያሳየሁት እኔ ነኝ። ሰውየውን የደወልሁለት እኔ ነኝ። እርሱ ሳላይ አልገዛም ሲል የሣቅሁበት እኔ ነኝ። ከሌባ ጋር ተካፈለ የምትሉ ካላችሁ ከእኔ ጀምሩ።»

አያ ገብሬ ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ «እና እስካሁን የት ነበርሽ?» አለኝ።

«ፈርቼ ነበር።»

«ማንን?»

«አንተን። ሰዉን። መሳቂያ መሆንን።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ያን ጊዜ መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ታውቃቸዋለህ፤ ቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከሩ፣ ከአፋቸው ቃል የማይዛነፍባቸው ሰው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እኔም ልናገር» አሉ። «አምና አንድ ሰው ደውሎ ዕጣ ወጥቶልዎታል አለኝ። ምሥጢር ቁጥርዎን ይንገሩኝና ላስገባልዎ አለኝ። ነገርሁት። ያለችኝን ጠርጎ ሄደ። ይህን ያህል ዘመን ቀለም ቆጥሬ በአንድ ስልክ ተሞኘሁ ብዬ ለማን ልናገር? ለባለቤቴም አልነገርኋትም።»

«ለካ!» አሉ ባለቤታቸው ከሴቶቹ መካከል።

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። መሪጌታም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው? አንዷ ከበር ላይ ሻጭ ወርቅ ነው ተብላ የገዛችውን የናስ ሐብል ተናገረች። አንዱ ልጁን ወደ ዓረብ አገር እልክልሃለሁ ብሎ ፓስፖርቷን ይዞ ስለ ጠፋ ደላላ አወራ። ደምሌ ተነሥቶ «በጎቼን የሸጥኋቸው እኔ ነኝ፤ ፈንታው አላስገደደኝም» አለ። ለካ ሁሉም በየቤቱ አንድ አንድ የደበቀው ነበረው። እያንዳንዱም ሞኙ እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ያስብ ነበር።

አያ ገብሬ በዚያ ቀን ሰዉ ሳይበተን ተነሥቶ ወጣ። ሰኔ ሲገባ ግን በሬዎቹን ነድቶ ማሳህ ላይ ደረሰ። መሬትህ ጾም እንዳያድር ከደምሌ ጋር ሆነው አርሰው ገብስ ዘሩልህ። ገና ሲያርስ አዛለች ልታመሰግነው ብትሄድ «ዘሩን አምጪ» ብቻ አላት አሉ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ።

ነሐሴ ላይ፣ ዐርብ ቀን፣ ገበያው እንደ ሞላ፣ አያ ገብሬ ላሙን እየሳበ ሲያልፍ ከበረንዳዬ አየሁት። የምትታለብ ላም ናት። ሥራዬን ጥዬ ተከተልሁት።

«አያ ገብሬ፣ ላሚቱን ወዴት ነው?»

ፊቱ በርቶ ነበር። እንዲያ ሲበራ ካየሁት ቆይቻለሁ። «ገንዘባችን ሊመለስ ነው! ትናንት ከአስመላሽ ኮሚቴ ደወሉልኝ። ሌባው ተይዟል። የማስለቀቂያ ክፍያ ዛሬ ከላክሁ ሁሉም ይመለሳል፤ የፈንታውም የደምሌም። ለማንም አትንገር ስላሉኝ ነው ያልነገርኋችሁ።»

«ለማንም አትንገር?»

«ሌቦቹ እንዳይሰሙ።»

ላሚቱን ሸጦ ለሦስታችሁ ሊከፍል ነው፤ ቂም የያዘብህ የመሰለኝ ሰው! «አያ ገብሬ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ከመሸጥህ በፊት ደውልና ድምፁን አሰማኝ» አልሁት። አመነታ። ከዚያ «እሺ» አለና ላሚቱን ፈትያ በረንዳ ምሰሶ ላይ አሰራት። ፈትያ ነገሩ ገባትና የራሷን ስልክ አውጥታ ለመቅዳት አዘጋጀች። ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርገን ደወልን። ጨው ሊገዙ የቆሙት ጠጋ ጠጋ አሉ።

«ጤና ይስጥልኝ አባቴ፣ ክፍያውን ፈጸሙ?» አለና ከነገሩ በፊት ትንሽ ሳቀ።

እርሱ ነው! ፈትያን አየኋት፤ እርሷም አውቃዋለች። ስልኩን ተቀበልሁ።

«ልጃቸው ነኝ። ገንዘባችንን አገኛችሁት አሉ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።»

«አዎ የኔ እናት። የማስለቀቂያው ብቻ ነው የቀረ።»

«ታዲያ ከሚመለስልን ላይ ቁረጡና የቀረውን ላኩልን።»

«አሠራሩ አይፈቅድም።»

«እንግዲያው ቢሯችሁን ንገሩን። ሰው እንልካለን፤ በእጁ ይከፍላል፣ በእጁ ይቀበላል።»

«ፋይሉ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል እህቴ። አሁን ካልላካችሁ ገንዘባችሁ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል።»

«ይሁና! ለመንግሥት ገቢ ይሁን።»

በረንዳው ላይ ሳቅ ፈነዳ። ሰውየው «ማን ነው እዚያ? ብቻሽን አይደለሽም እንዴ?» አለ።

«ዛሬ ዐርብ ነው፤ ገበያው ሙሉ ነው። ሰሎሞን፣ የእስቴዋ እናትህስ ደህና ናቸው?»

እንዴት እንደ ተሳደበ አልጽፍልህም። «እናንተ ባላገሮች ድሮም ለመታለል የተፈጠራችሁ ናችሁ» ያለውን ግን እጽፈዋለሁ፤ ምክንያቱም አያ ገብሬ ስልኩን ከእጄ የቀማኝ ያን ጊዜ ነው። አፉ ላይ አስጠግቶ፣ ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ጮኾ ተናገረው።

«ስማ! አዎ፣ ባላገር ነኝ። ጊደሬን ከጥጃነቷ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ሸጬ የላክሁልህም አምኜህ ነው። ማመኔ አያሳፍረኝም። አንተ ያሳደግኸው ምን አለህ? ስሜ ገብሬ ነው፣ አርብ ገበያ ሰው መካከል ቆሜያለሁ። አንተም ወንድ ከሆንህ ስምህንና የቆምህበትን ተናገር!»

መስመሩ ተቋረጠ። አያ ገብሬ ስልኩን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ላሚቱን ከምሰሶው ፈታና ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት።

እኔና ፈትያ ግን በዚያው ቀን ቅጂውን፣ የላክህበትን ደረሰኝ፣ በስልኬ ውስጥ የቀረውን ሥዕልና መልእክት ሁሉ ይዘን ወደ ፖሊስ ሄድን። መርማሪው መጀመሪያ «ብዙ ቆይታችኋል እኮ» አለን። «ቆይተናል፣ አሁን ግን መጥተናል፤ ጻፍ» አልሁት። ጻፈ። ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ። በኋላ ሲጣራ ከስማዳም ከእስቴም በዚያው የሒሳብ ስም የተታለሉ ሰዎች አመልክተው ኖሯል፤ መካነ ኢየሱስ ላይ አንዲት መበለት ለወፍጮ ብላ ልካለች። ፋይሎቹ ተገናኙ። በስሙ የተከፈተውን ሒሳብ ለሌቦቹ ያከራየው ሰው ተይዟል። ሳቂታው ሰውዬ ገና አልተያዘም። እውነቱን ልንገርህ፣ ገንዘቡም ላይመለስ ይችላል። አልዋሽህም፤ ውሸት ሰልችቶኛል።

ግን የፍርድ ቤት ቀጠሮ አለ፤ ኅዳር ዐሥራ አራት። ዐቃቤ ሕጉ አስጠርቶኝ «ብሩ የወጣው ከወንድምሽ ሒሳብ ነው። የተነጋገረውም የላከውም እርሱ ነው። እርሱ ቀርቦ ካልመሰከረ ክሱ ይላላል» አለኝ። ያ ሰው ነጻ ቢወጣ ሒሳቡን ነገ ለሌላ ሌባ ያከራያል። ወይ ሌላ ገብሬ፣ ወይ ሌላ መበለት ይዘረፋል። ይህን እያወቅህ እዚያ ሰሊጥ ልታጭድ?

ስለ እኛ አትስጋ። ዛሬ አርብ ገበያ ላይ የሚያሾፍብህ የለም። ሰው ገንዘብ ሊልክ ሲል መጀመሪያ ወደ በረንዳችን ይመጣል፤ ፈትያ ትሰማለች፣ እኔ እሰማለሁ፣ በአጠገቡ ያለውም ይሰማል። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት «ለባልሽ ዕጣ ወጥቶለታል፣ ቶሎ ካልከፈልሽ ዕድሉ ያልፍሻል አሉኝ» ብላ እያለከለከች መጣች። ፈትያ በርጩማ አቀረበችላትና «ተቀመጪ፣ ዕድሉ ይለፍ» አለቻት። ተቀመጠች። ስልኩ አምስት ጊዜ ጮኸ፤ አላነሣችውም። ኋላ ባሏን አስጠርታ ስትጠይቀው የሚያውቀው ነገር የለም። እኔም ዕቃ ሳላይ አልገዛም የሚልን ሰው ዳግመኛ አልሥቅበትም። እንዲያውም መርፌና ክር ስገዛ እንኳ ክሩን ጎትቼ ነው፤ ነጋዴው ቢቆጣም ይቆጣ።

ፈንታው፣ ልለምንህ አይደለም የምጽፈው። ይቅርታህን ግን እለምናለሁ፤ በሰው ፊት ስላሳፈርሁህ፣ ስምህ ሲነሣ ዝም ስላልሁ። ብትፈልግ ስትመጣ ተቆጣኝ፣ አርብ ገበያ መካከል ቆመህ ተቆጣኝ፤ እቀበላለሁ። የማልቀበለው መጥፋትህን ነው። አንተ ያጠፋኸው የሚያሸሽ ነገር የለም። ጠየቅህ፣ ተጠራጠርህ፣ ኋላም ሰው አመንህ። የሚያፍር ካለ ሌላ ሰው አለ፤ ስሙን ደብቆ የሚኖረውም እርሱ ይሁን።

ለአያ ገብሬ ልጽፍልህ እንደሆነ ነግሬው «ምን ልበልልህ?» ብለው ብዙ አሰበ። «ገብሱ ደርሷል በይው። አጨዳው ላይ እጅ ያንሰናል» አለ። ከዚህ ሌላ አልጨመረም። አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ይህ ለእርሱ ስንት ቃል እንደሆነ ይገባሃል።

ብትመጣም ባትመጣም እኔ ኅዳር ዐሥራ አራት ጠዋት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ነኝ። አዛለችም አብራኝ አለች፤ መሪጌታም እመጣለሁ ብለዋል። ስምህ ሲጠራ መልስ ካልተሰማ ብድግ ብዬ እናገራለሁ፤ «ላኪው ወንድሜ ፈንታው ነው፤ ያስላክሁት እኔ ነኝ፤ የዘረፈን ግን ያ የቆመው ሰውና ጌታው ናቸው» ብዬ። ቢያስቀምጡኝም እንደገና እነሣለሁ።

ያንተን ቦታ ግን እኔ ልሞላው አልችልም። በራስህ አፍ፣ በራስህ ስም ተናገር። ና።

እኅትህ መስከረም
ከፈትያ ሱቅ በረንዳ፣ አርብ ገበያ
ጥቅምት